የዕለት ተዕለት ዕቃ የእርሳስ ሥዕል

የዕለት ተዕለት ዕቃ የእርሳስ ሥዕል ማለት ስኒን፣ ወንበርን፣ ትራስን፣ ፖስታን ወይም በቤት ውስጥ የሚገኝ ሌላ ተራ ዕቃን በግራፋይት እርሳስ ብቻ፣ ሌላ ቀለም ሳይጨመርበት፣ በወረቀት ላይ የሚያሳይ የሥነ ጥበብ ሥራ ነው። ባለ አንድ ቀለም (ሞኖክሮም) ከሚባሉት የሥዕል ዓይነቶች አንዱ ሲሆን ከወረቀቱ ነጭ እስከ ጥቁር ግራጫ ባለው ክልል ውስጥ ይሠራል። የእርሳስ ሥራ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ለቀለም ቅብ መዘጋጃ ተደርጎ ይታይ ነበር። ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን በርካታ ሠዓሊዎች ራሱን የቻለና የተጠናቀቀ ሥራ አድርገው ይዘውታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

በአማርኛ «እርሳስ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል፤ ከባዱን ብረትና መጻፊያውን። ይህ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ጀርመንኛም ዐረብኛም መጻፊያውን በብረቱ ስም ይጠሩታል። ምክንያቱ ግራፋይት መጀመሪያ ሲታወቅ የእርሳስ ብረት ዓይነት መስሎ መታየቱ ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼሌ በ1779 ግራፋይት የካርቦን ዓይነት እንጂ እርሳስ አለመሆኑን አሳየ። በ1789 ደግሞ ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ አብርሃም ጎትሎብ ቬርነር «መጻፍ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል «ግራፋይት» የሚለውን ስም አወጣለት። ስለዚህ በመጻፊያው እርሳስ ውስጥ የእርሳስ ብረት የለም።

ማጥፊያውም የስም ታሪክ አለው። በአማርኛ «ላጲስ» የሚባለው ማጥፊያው ሲሆን በጣሊያንኛ «ላፒስ» የሚባለው ግን እርሳሱ ራሱ ነው።

በመስመር የተሠራ ሥዕል በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ንድፍ» ይባላል። ቃሉ ለቤት ፕላንም፣ ለጽሑፍ ረቂቅም፣ ገና ላላለቀ ሥራም ስለሚያገለግል ኋላ የሚመጣ ሌላ ሥራ እንዳለ ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ «የእርሳስ ሥዕል» የተባለው በእርሳስ ተጀምሮ በእርሳስ የተፈጸመው ነው።

የእርሳስ አመጣጥ

በእንግሊዝ ሰሜናዊ ምዕራብ፣ በቦሮውዴል ሸለቆ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እጅግ ንጹሕ የሆነ ግራፋይት ተገኘ። ድንጋዩ በቀጭኑ ተቆርጦ በእንጨት ወይም በክር እየተያዘ ለመጻፊያ ይውል ነበር። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር በ1565 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በእንጨት መያዣ የገባ እንዲህ ያለ መጻፊያን በሥዕል አስደግፎ ገልጾታል።

የዛሬው እርሳስ የተወለደው በጦርነት ምክንያት ነው። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ የእንግሊዝ ግራፋይት ተቋረጠባት። ኒኮላ ዣክ ኮንቴ ንጽሕና የጎደለውን ግራፋይት አድቅቆ ከሸክላ አፈር ጋር በማቡካትና በእቶን በመተኮስ ዘንግ የሚሠራበትን መንገድ አገኘ፤ በ1795 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ዘዴው ከጥሬ ዕቃ እጥረት ከማዳኑ በላይ ለሠዓሊዎች አዲስ ነገር አመጣ። የሸክላው መጠን ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይፈዛል። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም። ከዚህ የተነሣ እርሳስ በደረጃ ሊሠራ ቻለ።

በዛሬው አሰያየም «ኤች» ጠንካራውን፣ «ቢ» ጥቁሩንና ለስላሳውን ያመለክታል። በየተማሪው እጅ ያለው «ኤችቢ» መካከለኛው ነው። ከፊደሉ በፊት ያለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ጥንካሬው ወይም ልስላሴው ይጨምራል። ለምሳሌ 4ኤች ቀጭንና ፈዛዛ፣ 6ቢ ወፍራምና ጥቁር መስመር ይሰጣል።

ለማጥፊያ በጥንት ጊዜ የዳቦ ፍርፋሪ ያገለግል ነበር። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆሴፍ ፕሪስትሊ ጎማ የእርሳስ ጽሑፍን በደንብ እንደሚያጠፋ በ1770 ጽፏል። ላጲስ በጫፉ ላይ የተገጠመለት እርሳስ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1858 ነው።

ግራፋይት በወረቀት ላይ

በግራፋይት ውስጥ የካርቦን አቶሞች በስስ ንጣፎች ተደርድረዋል። በአንድ ንጣፍ ውስጥ ያሉት አቶሞች በጠንካራ ትስስር ሲያያዙ ንጣፎቹ እርስ በርሳቸው ግን በደካማ ኃይል ብቻ ይያያዛሉ። እርሳስ በወረቀት ላይ ሲሄድ ንጣፎቹ እየተንሸራተቱ ይቀራሉ፣ በወረቀቱ ቃጫዎች መካከልም ይያዛሉ። በጣም ለስላሳ ወረቀት ግራፋይቱን የሚይዝበት ሻካራነት ስለሌለው ጥቁረት አይቀበልም። በጣም ሻካራው ደግሞ በመስመሮቹ መካከል ነጭ ነጥቦችን ይተዋል። የወረቀት ምርጫ እንደ እርሳሱ ምርጫ ሁሉ የሥዕሉን መልክ የሚወስነው ለዚህ ነው።

ግራፋይት አንድ ጉልህ ውስንነት አለው፤ ያንጸባርቃል። ደጋግሞ የተቀባና የተጫነ ግራፋይት ከመጥቆር ይልቅ እንደ ብረት ማብረቅ ይጀምራል። ከሰል ሙሉ ጥቁር ይሰጣል፤ እርሳስ ግን ከጥቁር ግራጫ አያልፍም። ስለዚህ በእርሳስ የሚሠራ ሰው ጥቁረትን የሚያገኘው በዙሪያው ያለውን አፍዝዞ በመተው ነው። አንድ ጥላ ጥልቅ ሆኖ የሚታየው ከጎኑ ያለው ነጭ ወረቀት ሳይነካ ሲቀር ነው። ነጩ የወረቀቱ ራሱ እንጂ የሚቀባ ነገር ስላልሆነ ብርሃን የሚያርፍባቸው ቦታዎች ከመጀመሪያው መጠበቅ አለባቸው።

ዕቃን ያለ ቀለም ማሳየት

ቀለም በሌለበት ሥዕል የዕቃውን ቅርጽ፣ ክብደትና የተሠራበትን ነገር የሚናገረው የብርሃንና የጥላ መጠን ነው። ይህ መጠን በሥነ ጥበብ ቋንቋ «ቶን» ይባላል። በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ጀበናና ስኒ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ።

በጀበናው ክብ ሆድ ላይ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ሲመጣ አምስት የቶን ክፍሎች ይታያሉ። አንደኛው ብርሃኑ ቀጥታ የሚያርፍበት ትንሽ ነጸብራቅ ነው። ሁለተኛው በብርሃንና በጥላ መካከል ያለው ግማሽ ጥላ፣ ሦስተኛው ብርሃኑ የማይደርስበት ዋናው ጥላ ነው። አራተኛው ከጠረጴዛው ተመልሶ የጀበናውን የታችኛውን ጠርዝ በትንሹ የሚያፈካው ብርሃን ነው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ይህን ይዘሉታል፤ ሲዘለልም ሆዱ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደተቆረጠ ካርቶን ጠፍጣፋ ይመስላል። አምስተኛው በጠረጴዛው ላይ የወደቀው ጥላ ነው፤ ዕቃው በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ መሬት የሚያስይዘው እርሱ ነው።

ከዚህም የሚከብደው ዕቃው ያለውን ቀለም ከሚታየው ቶን መለየት ነው። ጀበና ጥቁር፣ ስኒ ነጭ መሆናቸውን አእምሮ አስቀድሞ ያውቃል። ሆኖም በዚያ መስኮት ብርሃን በጥቁሩ ጀበና ላይ ያለው ነጸብራቅ ከነጩ ስኒ የጥላ ወገን የፈካ ሊሆን ይችላል። የሚያውቀውን የሚስል ሰው ጀበናውን ሁሉ ያጠቁረዋል፤ ስኒውን ባዶ ወረቀት አድርጎ ይተወዋል። የሚያየውን የሚስል ሰው ግን ነጩን ስኒ ግራጫ ለማድረግ መድፈር አለበት። ተራ ዕቃ ለሥዕል ትምህርት የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃው በጣም የታወቀ ስለሆነ በእውቀትና በማየት መካከል ያለው ልዩነት ወዲያው ይጋለጣል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

አሠራሩ ከሠዓሊ ሠዓሊ ቢለያይም የተለመደው አካሄድ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ዕቃው ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ በሚመጣበት ቦታ ይቀመጣል። ብርሃን ከሁለት አቅጣጫ ከመጣ ጥላዎቹ ይምታታሉ።

ቀጥሎ መጠኑ ይለካል። እጅን ዘርግቶ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣት መካከል የዕቃውን ቁመትና ስፋት ማነጻጸር የቆየ ዘዴ ነው። ከፎቶግራፍ የሚሠሩ ሰዎች ፎቶውንም ወረቀቱንም በእኩል ካሬዎች ይከፍሉና ካሬ በካሬ ያስተላልፋሉ።

ከዚያ የቅርጹ ወሰን በጠንካራ እርሳስ፣ በቀላል እጅ ይሰመራል። እርሳሱ ከተጫነ ወረቀቱ ይሠረጎዳል፤ መስመሩ በላጲስ ቢጠፋም ሥርጉዱ ይቀርና ኋላ ጥላ ሲቀባ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ጥላው የሚገነባው ከፈዛዛው ወደ ጥቁሩ፣ በንብርብር ነው። ትይዩ መስመሮችን ማስመር፣ በላያቸው ሌሎች መስመሮችን ማሻገር፣ ወይም እርሳሱን አጋድሞ በጎኑ መቀባት ይቻላል። ቶኖቹን ለማነጻጸር ዓይንን ጠበብ አድርጎ ማየት ይረዳል፤ ዝርዝሩ ደብዝዞ ትልልቆቹ የብርሃንና የጥላ ክፍሎች ይቀራሉ። ጥላውን በተጠቀለለ ወረቀት ማሸት ለስላሳ መልክ ይሰጣል። ሁሉም ቦታ ሲታሽ ግን ሸክላውም ብርጭቆውም ጨርቁም አንድ ዓይነት ልስላሴ ይኖራቸዋል።

ላጲስ በዚህ ሥራ ስሕተት ማረሚያ ብቻ አይደለም። እንደ ሊጥ የሚለሰልሰው ዓይነት በጣት ተሾሎ ከጥላ ውስጥ ብርሃን ለማውጣት ያገለግላል። በስኒ ከንፈር ላይ ያለው ቀጭን የብርሃን መስመር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በላጲስ ነው።

ከመዘጋጃ ወደ ሙሉ ሥራ

ተራ ዕቃን ለብቻው መሳል ከግራፋይት እርሳስ ይቀድማል። አልብሬክት ዱረር በ1493 በብዕርና በቀለም ስድስት ትራሶችን ስሏል፤ ሥዕሉ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። በሌላኛው የወረቀቱ ገጽ የወጣቱ ሠዓሊ የራሱ ምስል አለ። ትራሶቹ ሠዓሊው የጨርቅን እጥፋት ያጠናባቸው መልመጃዎች ነበሩ። ጀርመናዊው አዶልፍ ሜንዜል በ1845 ገደማ ያልተነጠፈ አልጋን በጥቁር ጠመኔ ሠራ። አልጋው ባለቤት አልባ፣ ታሪክ አልባ ሆኖ የሥዕሉ ጠቅላላ ርእስ ሆኗል።

በግራፋይት በኩል ፈረንሳዊው ዣን ኦጉስት ዶሚኒክ አንግር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሮም ሳለ የጎብኚዎችን መልክ በእርሳስ እየሣለ ይተዳደር ነበር። እነዚህ ሥዕሎች የተጠናቀቁ ሥራዎች ሆነው ይሸጡ እንጂ እርሱ ራሱ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ለታሪካዊ የቀለም ቅቦቹ ነበር። በአጠቃላይ ግን ንድፍ ከቀለም ቅብ በታች ይቀመጥ ነበር። በኢትዮጵያም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሠራ ቅርጹ መጀመሪያ በመስመር ይነደፋል፤ ቀለሙ ሲሞላ ንድፉ ተሸፍኖ ይቀራል።

በ1960ዎቹ ይህ ሁኔታ ተለወጠ። በአሜሪካ ሶል ለዊት ከ1968 ጀምሮ በእርሳስ መስመሮች በቀጥታ በግድግዳ ላይ የተሠሩ ሥራዎችን አቀረበ። በዚያው ጊዜ ሌሎች ሠዓሊዎች እርሳስን ይዘው ወደ ዕቃው ተመለሱ።

ሦስት ሠዓሊዎች

ቪያ ሴልሚንስ በ1938 በሪጋ፣ ላትቪያ ተወለደች። ቤተሰቧ በ1944 ከጦርነቱ ሸሽቶ ወደ ጀርመን ሄደ፤ በ1948 በአሜሪካ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ሰፈረ። በሎስ አንጀለስ ሳለች በ1964 የክፍል ማሞቂያን፣ መብራትንና የኤሌክትሪክ ምድጃን የመሰሉ በስቱዲዮዋ ያሉ ዕቃዎችን አንድ በአንድ፣ ግራጫ በበዛበት የዘይት ቀለም ሠራች። በ1960ዎቹ መጨረሻ የቀለም ቅብን ትታ ለብዙ ዓመታት በግራፋይት ብቻ ስትሠራ ቆየች። በ1968 ከእናቷ የተላከላትን ፖስታ በእርሳስ ስላዋለች፤ ቴምብሮቹን ለየብቻ ሠርታ ለጥፋቸዋለች። በዚያው ዓመት ስለ ሂሮሺማ ከታተመ ጽሑፍ የተቀደደ የፎቶ ቁራጭን ሳለች። በዚህ ሥራ የተሣለው የፎቶው ይዘት ብቻ አይደለም፤ የተቀደደው ጠርዝና የወረቀቱ እጥፋትም አብረው ተሥለዋል። በልጅነቷ ጦርነትን ያየችው ሠዓሊ የጦርነቱን ምስል በእጅ እንደሚያዝ ተራ ዕቃ አድርጋ አቀረበችው። ቀጥሎ የባሕርን ገጽ ራሷ ካነሣቻቸው ፎቶዎች እየተነሣች ሞገድ በሞገድ ሠራች። ከእነዚህ አንዱ በ1970 የተሠራው ሲሆን በኒውዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

አንቶንዮ ሎፔስ ጋርሲያ በ1936 በቶሜዮሶ፣ ስፔን ተወለደ። በፎቶ ሳይሆን በዕቃው ፊት ቆሞ፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይሠራል። በ1969 እና 1970 የሠራው ባለ ሦስት በር ስቱዲዮ የእርሳስ ሥዕል ባዶ ክፍልንና የሌሊት የኤሌክትሪክ መብራትን በግራፋይት ብቻ ያሳያል። ቪክቶር ኤሪሴ በ1992 ባቀረበው ፊልም ላይ ሎፔስ በግቢው ያለውን የኩዊንስ ዛፍ (ቢጫና ጠንካራ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ) ሲስል ይታያል። በቀለም የጀመረውን ሥራ የበልግ ብርሃንና ዝናብ ስለከለከሉት ተወው፤ በእርሳስ ግን ፍሬው እስኪረግፍ ድረስ ቀጠለ። በየሰዓቱ የሚለዋወጠውን የብርሃን ቀለም መያዝ ሲሳነው ቅርጹን በመስመር መከተል ቻለ።

አቪግዶር አሪካ በ1929 በሩማኒያ ተወለደ። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ትራንስኒስትሪያ ተግዞ በናዚ ዘመን የማጎሪያ ካምፕ ውስጥ ያየውን ይስል ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእስራኤልና በፓሪስ ኖሯል። ረቂቅ ቅብ ይሠራ የነበረው አሪካ በ1965 በሉቭር የካራቫጆን ሥራ ካየ በኋላ ያን ትቶ እስከ 1973 ድረስ በጥቁርና ነጭ ብቻ፣ በዓይኑ ፊት ካለው ነገር እያየ ሠራ። ከእርሳስ ሌላ ብሩሽና ጥቁር ቀለምን፣ የሕትመት ሥዕልንም ተጠቅሟል። ደንቡ አንድን ሥራ በአንድ ቁጭታ መጨረስ ነበር። በ2010 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

ሦስቱም ቀለምን የተዉት በተለያየ ምክንያት ነው፤ ጊዜን የሚጠቀሙበትም መንገድ የተለያየ ነው። የሴልሚንስ ሥዕል የወራት ትዕግሥት፣ የሎፔስ ከዕቃው ጋር አብሮ መኖር፣ የአሪካ ደግሞ የአንድ ቀን እይታ ነው። በሦስቱም ዘንድ የዕቃው ተራነት የሥራው ጉድለት አልሆነም። ዕቃው ራሱ ትኩረት የሚስብ ስላልሆነ ተመልካቹ የሚያየው የሠዓሊውን አትኩሮት ነው።

ከፎቶግራፍ ጋር ያለው ግንኙነት

በዚህ ዓይነት ሥዕል ላይ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ካሜራ እያለ ለምን ይሣላል?» የሚል ነው። በተለይ ከፎቶ የማይለይ የእርሳስ ሥዕል በሚሠሩ ሠዓሊዎች ላይ ጥያቄው ይበረታል። አንዱ ወገን እንዲህ ያለው ሥራ ትዕግሥትንና የእጅ ችሎታን ብቻ ያሳያል፣ ሐሳብ አይጨምርም ይላል። ሌላው ወገን በእጅ የተሠራ እያንዳንዱ ነጥብ በውሳኔ የተቀመጠ መሆኑን ያስታውሳል። ካሜራ ሁሉንም በአንድ ቅጽበት ይቀበላል፤ ሠዓሊ ግን የትኛው ጠርዝ እንደሚጠራ፣ የትኛው በጥላ ውስጥ እንደሚጠፋ እየመረጠ ይሄዳል።

ክርክሩን ያወሳሰበው ሥዕሎቹ የሚታዩበት መንገድ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የእርሳስ ሥዕልን የሚያየው በስልክ ነው። ትልቅ ሥዕል በስልክ መስታወት ልክ ሲያንስ መስመሮቹ ይዋሃዳሉ፣ የወረቀቱ ሻካራነት ይጠፋል፣ የግራፋይቱ ማንጸባረቅም አይታይም። በመሆኑም ሥዕሉን ከፎቶ የሚለየው ነገር ሁሉ ቀርቶ ከፎቶ ጋር የሚያመሳስለው ብቻ ይደርሳል። በወረቀቱ ፊት የቆመ ሰው ራቅ ብሎ ዕቃውን፣ ቀረብ ብሎ የእርሳስ ጭረቶችን ያያል። የዚህ ሥዕል ትርጉም በሁለቱ እይታዎች መካከል ስለሚገኝ ስለ ዋጋው በስልክ ምስል ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

አያያዝ

ግራፋይት በኬሚካል የተረጋጋ ስለሆነ እንደ ብዙ ቀለሞች በብርሃን አይለቅም። አደጋው መታሸትና የወረቀቱ እርጅና ነው። ከእንጨት የሚሠራ አሲድነት ያለው ወረቀት በጊዜ ብዛት ይቢጫል፣ ይሰባበራልም። ስለዚህ እንዲቆይ ለሚፈለግ ሥራ ከጥጥ የተሠራ አሲድ አልባ ወረቀት ይመረጣል። ሥዕሉ ሲያልቅ ግራፋይቱን የሚያስይዝ ፈሳሽ ሊረጭበት ይችላል። በመስታወት ሲከፈፍም ወረቀቱና መስታወቱ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ክፍተት መተው አለበት። በሥራ ላይ ደግሞ ከእጅ በታች ንጹሕ ወረቀት ማድረግ የእጅ ቅባትና ላብ ሥዕሉን እንዳያበላሹት ይከላከላል።